ዘወር ብሎ የሚያይ ልጅ

የበረዶ ሆኪ መልማዮች የት እንደሚቀመጡ ያስተዋለ ሰው ምን እንደሚፈልጉ ግማሹን አወቀ ማለት ነው። ተራው ተመልካች መሐል ሜዳ ትይዩ፣ ለበረዶው የቀረበውን ወንበር ይሻማል። እነሱ ወደ ጥጉ፣ ወደ ላይኛው ረድፍ ይወጣሉ። ከዚያ ሆነው ሲመለከቱ ሜዳው በርዝመቱ ይዘረጋላቸዋል። ማን ማንን ጥሎ እንደሄደ፣ በሁለት ተከላካዮች መካከል የቀረው ክፍተት ስንት ክንድ እንደሆነ፣ አንድ ልጅ ፓኩን (በዱላ የሚመቱትን ጎማ) ከመንካቱ በፊት አንገቱን ስንት ጊዜ እንዳዞረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎል ሲገባ አያጨበጭቡም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ጎሉ ሲገባ ዐይናቸው ሌላ ቦታ ነው።

ይህን የጥግ ዕይታ ለመልመድ በሰሜን ሚሺጋን ያለችውን ትራቨርስ ሲቲን የሚያህል ቦታ አላውቅም። ከሚሺጋን ሐይቅ ሰላጤ ዳር የተቀመጠች፣ በቼሪ እርሻዋ የታወቀች የመዝናኛ ከተማ ናት። የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ክለብ እ.ኤ.አ. ከ1998 አንስቶ ለረጅም ዓመታት የሌሎች ክለቦችን አዳዲስ ልጆች እየጠራ፣ ዋናው የዝግጅት ካምፕ ከመከፈቱ በፊት ባሉት የመስከረም ቀናት ሴንተር አይስ በሚባለው አዳራሽ ሲያጫውታቸው ኖሯል። ስምንት ክለቦች የተገናኙባቸው፣ እያንዳንዱ ክለብ በአምስት ቀን አራት ጨዋታ ያደረገባቸው ዓመታት ነበሩ። ባፋሎም፣ በካናዳ ምዕራብ ያለችው ፔንቲክተንም ተመሳሳይ ውድድር አዘጋጅተዋል። የትራቨርስ ሲቲው ዋንጫ በማቲው ዉስት ስም መጠራቱ ግን ለእኔ ልዩ ነው። ዉስት የሃሊፋክስ ጋዜጠኛ ነበር፤ የሊጉን ተጫዋቾች ውልና ደመወዝ አንድ በአንድ የሚመዘግብ ድረ ገጽ መሥርቶ፣ የሬድ ዊንግስን ታዳጊዎችም በጥንቃቄ ሲከታተል ቆይቶ በ2015 አረፈ። በአንድ ጥንቁቅ ተመልካች ስም የተሰየመ ዋንጫ በስፖርት ዓለም ብዙ የለም።

ወደዚህ የሚመጡት ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። የሰሜን አሜሪካው ሊግ 32 ክለቦች በየዓመቱ በሰባት ዙር ድራፍት 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች በተራ ይመርጣሉ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠው ልጅ እዚህ ቢወድቅም ቢነሳም መጪው ዓመት አይዘጋበትም። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ በግብዣ የመጣ፣ 22 ዓመት የሆነው፣ ጢሙ የጠነከረ ሰው ሊሆን ይችላል። ለእሱ እነዚህ አራት ጨዋታዎች የሥራ ማመልከቻ ናቸው። በአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱት በትምህርታቸው ምክንያት አይመጡም፤ ከአውሮፓ የተመረጡትም ብዙዎቹ በመስከረም የአገራቸው ሊግ ስለተጀመረ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ በአዲስ ልጆች የማልያ ቁጥር፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ፣ የተሞላው ይህ በረዶ የትውልዱን ሙሉ መልክ አያሳይም። ከውድድሩ በኋላ የሚወጡት የደረጃ ሰንጠረዦች ይህን ቢያስታውሱ ደግ ነበር።

የጎል ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል። ልጆቹ አንድ ወይም ሁለት ቀን አብረው ቢለማመዱ ነው። መከላከያው አልተሰፋም፤ ማን ማንን እንደሚሸፍን ገና በጩኸት ነው የሚስማሙት። እንዲህ ባለ ቀዳዳ በበዛበት ሜዳ ላይ እጁ የፈታ አጥቂ እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሃትሪክ ይሠራል፤ በማግስቱም ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። ጥቅምት ላይ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ያንን ቀዳዳ በደፈኑበት ጊዜ፣ ያው ልጅ ፓኩን ይዞ የሚሄድበት ጠፍቶት ታገኘዋለህ ቢሉኝ አልደነቅም። መልማዩ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ቦታው ሲጠብ፣ ጊዜው ሲያጥር ከዚህ ልጅ ሥራ ምን ይተርፋል?

የሚተርፈው መጀመሪያ እግር ነው። የበረዶ ጫማ ስለት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ በርዝመቱ ቦይ ስለሚወጣለት ሁለት ጠርዝ አለው፤ የውስጥና የውጭ። ቦዩ ከጠለቀ ስለቱ በረዶውን አጥብቆ ይይዛል፤ ጥልቀቱ ካነሰ መንሸራተቱ ይቀላል። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ክብደቱና እንደ ልማዱ ይህን በዕቃ ክፍሉ ባለሙያ እጅ ያስሞርደዋል። በእነዚህ ሁለት ጠርዞች ላይ የሚሠራው ሥራ ነው አንዱን ልጅ ከሌላው የሚለየው። ጥሩ ተንሸራታች ጉልበቱን አጥፎ፣ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ፊት ሰብሮ ዝቅ ይላል፤ ራሱ ግን ከፍና ዝቅ አይልም። ዐይናችሁን ከወገቡ በላይ ብቻ ብታደርጉት የተቀመጠ ሰው በባቡር የሚያልፍ ይመስላችኋል። መታጠፊያ ላይ አንዱን እግር በሌላው ላይ አሳልፎ ሲረግጥ ኃይሉ የሚመጣው ከላይ ከሚያልፈው እግር ይመስላል፤ ፍጥነቱን በብዛት የሚጨምረው ግን ከሥር ሆኖ በውጭ ጠርዙ የሚገፋው ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሁለተኛ ግፊት ሳይጨርሱት ያነሱታል። ኮነር ማክዴቪድን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩት እስከ መጨረሻው ይገፋዋል፤ ለዚህም ነው ሌላው ተጫዋች ፍጥነት በሚቀንስበት መታጠፊያ እሱ ፍጥነት ጨምሮ የሚወጣው።

ድምፁንም አዳምጡ። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ፣ ሕዝቡም እንደ ትልቁ ሊግ ስለማይጮህ ይሰማል። ጭንቀት ያለበት ልጅ በረዶውን ይቆፍረዋል፤ አጭር አጭር፣ ፈጣን፣ ቀጭን ጩኸት አለው። የሠለጠነው ረጅምና ወፍራም ድምፅ ያሰማል፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው። አንዳንዱ የቆየ መልማይ ለማሟሟቂያው ሰዓት ቀድሞ የሚደርሰው ይህንኑ ለመስማትና የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎች ለማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱም ግርግሩም ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ ጥጉ እንውረድ፤ የምወደው ሥራ እዚያ ነው። ባላጋራው ቡድን መሐል ሜዳ ላይ መንገድ ሲያጣ ፓኩን ወደ ጥልቁ ይወረውረውና ሰው ይልክበታል። ተከላካዩ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ገዛ ግድግዳው አድርጎ፣ ጀርባውን ለአሳዳጁ ሰጥቶ ይሮጣል። ከኋላው ዘጠና ኪሎ የሚመዝን፣ ሊገጨው የተፈቀደለት ሰው እየመጣ ነው። ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ያልበሰለው ልጅ ዐይኑን ፓኩ ላይ ይተክልና ይደርስበታል፤ ሲነካው መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ደንግጦ በግድግዳው ላይ በጭፍን ይመታውና ፓኩ ለባላጋራ ይደርሳል። የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዐይኑን ከሩሯ የማይነቅል ልጅ ከጎኑ የሚመጣውን አያይም።

የበሰለው ገና ሲዞር በቀኝ ትከሻው ላይ አንዴ ያያል፤ አሳዳጁ ስንት ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው? ግማሽ መንገድ ላይ በግራው ደግሞ ያያል፤ ጓደኛዬ የት ደረሰ፣ መሐል አጥቂያችን ለመቀበል ወርዷል? ሊደርስበት ሁለት እርምጃ ሲቀረው ጫማዎቹንና ትከሻውን ወደ ግራ ያሳያል። አሳዳጁ በልጁ ትከሻ ላይ ያነበበውን አምኖ ወደ ግራ ያደላል። ልጁ ፓኩን ከግድግዳው ተመልሶ ወደ ዱላው እስኪመጣ ይጠብቀውና በቀኝ በኩል ይወጣል። ሲወጣም እግሮቹን ተረከዝ ለተረከዝ ከፍቶ፣ አንዱ ጣቱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ እያመለከተ፣ ደረቱን ለሜዳው ሰጥቶ ይንሳፈፋል፤ በዚህች ቅጽበት ሙሉውን ሜዳ ያያል፤ ማቀበልም መሄድም ይችላል። ኩዊን ሂውዝ፣ በ2018 በሰባተኛ ተራ የተመረጠው ተከላካይ፣ በዚህች አከፋፈት ብቻ ስንቱን አሳዳጅ እንዳታለለ የሊጉ ተመልካች ያውቃል። ከዚያ አሥር ሜትር የማትሞላ ቀላል ቅብብል ያደርጋል፤ አለቀ። ቡድኑ ከራሱ ክልል ወጣ። በውጤት መዝገቡ ላይ ምንም አልተጻፈም። ማንም አላጨበጨበም። ጥጉ ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ግን ጎንበስ ብሎ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ ይህን አንገት ከዣቪ ያስታውሰዋል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን በካሜራ እየተከተለ፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ባሉት ሰከንዶች ስንት ጊዜ ዙሪያቸውን እንደሚቃኙ ቆጥሯል፤ አዘውትረው የሚቃኙት ቅብብላቸው የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። በሆኪ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ነው፤ ከእግር ኳሱ ሜዳ ሩብ እንኳ አይሞላም። ሰዎቹ በስለት ላይ ናቸው፤ ዙሪያው ግድግዳ ነው። አንገትን ማዞር ስለዚህ ከጥበብ ይልቅ ወደ ድፍረት ያደላል፤ የምትሮጥበትን ግድግዳ ለግማሽ ሰከንድ ሳታይ መሮጥ አለብህና።

እጅን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚያደንቀው ተጫዋቹ ፓኩን በዱላው ጫፍ ወዲያ ወዲህ ሲያመላልሰው፣ በሁለት ሰው እግር መሐል ሲያሾልከው ነው። ያምራል፤ እኔም ዐይኔን አልከለክለውም። የምፈትነው ግን በአቀባበል ነው። ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን፣ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ የጠጠረ ጎማ በኃይል ተመትቶ ወደ አንተ ይመጣል፤ ትንሽ ወደ ኋላህ ቀርቷል፤ በማይመችህ ጎን ነው። ዱላህን አላልተህ፣ ከፓኩ ጋር ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽተህ ትቀበለዋለህ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ስትቀበል እግርህ ቆመ? ከአሥር ልጅ የስምንቱ ይቆማል። ለመቀበል ብሎ ይንሸራተታል፤ ከዚያ እንደገና ፍጥነት ይጀምራል፤ በዚያች ክፍተት ተከላካዩ ይደርስበታል። የሁለቱ ግን እጅና እግራቸው አይነጋገሩም፤ እግራቸው የራሱን ሩጫ ይሮጣል፣ እጃቸው በጎን በኩል ዕቃ ይረከባል። ይህን በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ያየሁበትን ልጅ ጎል ባያገባም ስሙን እይዛለሁ።

የተከላካይን ዱላ ለማድነቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኒክላስ ሊድስትሮም በ1989 በ53ኛ ተራ ተመርጦ፣ ለዲትሮይት 20 የውድድር ዘመን ተሰልፎ፣ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚሸለመውን የኖሪስ ዋንጫ 7 ጊዜ ወሰደ። ሰው ሲገጭ እምብዛም አይታይም ነበር። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ከአጥቂው ፊት የአንድ ዱላ ተኩል ያህል ርቀት ይጠብቃል፤ አጥቂው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። የዱላው ምላስ ከበረዶው አይነሳም፤ መሐሉን ዘግቶ ሰውዬውን ወደ ግድግዳው ይሸኘዋል። አጥቂው መንገዱን ራሱ የመረጠው ይመስለዋል። በትራቨርስ ሲቲ ይህን የሚሞክር ልጅ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ጎረምሳው ግን በአብዛኛው በትከሻው ሊጨርሰው ይፈልጋል። ትልቅ ግጭት ሲሆን ሕዝቡ መስታወቱን ይደበድባል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግን ያ ተከላካይ ሊገጭ ብሎ ቦታውን ለቆ ሄዷል፤ ፓኩ ቀድሞ አልፎታል፤ ከኋላው ሁለት ሰው በአንድ በረኛ ላይ እየሄደ ነው።

ስለ ቡጢውም መናገር አለብኝ። በእነዚህ ውድድሮች ጓንት ተጥሎ ድብድብ ይነሳል። የሚያነሳው ብዙ ጊዜ የተጋበዘው ነው፤ ሌላ የሚታይበት መንገድ ያለ አይመስለውም። አልፈርድበትም። ነገር ግን በዘመናችን ሊግ ውስጥ ለዚያ ብቻ ተብሎ የሚያዝ ወንበር እየጠፋ ነው፤ ይህን ለልጁ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ተጋባዥ ሆኖ መንገድ የሠራ የለም ማለትም አይደለም። ማርቲን ሴንት ሉዊስ በድራፍት ማንም አልመረጠውም፤ ቁመቱ አጭር ነው ተባለ። በ2004 እና በ2013 የሊጉን የነጥብ መሪ ዋንጫ ወሰደ።

ስለ በረኞች ብዙ አልልም፤ ዘግይተው ነው የሚበስሉት፤ በ18 ዓመታቸው የሚፈርድባቸው ሰው ደፋር ነው። አንድ ነገር ብቻ አያለሁ፤ ተኩሱ ሲለቀቅ እግሩ ተረጋግቶ ቆሟል ወይስ ገና እየመጣ ነው? እየተወረወረ የሚያድን በረኛ ፎቶው ያምራል። ቀድሞ ደርሶ ቆሞ የጠበቀው ፓኩ ደረቱ ላይ ይመታውና ሥራው ቀላል የነበረ ይመስላል።

ይህ ውድድር የተጀመረበት 1998 ለዲትሮይት ሌላም ነገር ያስታውሳል። በዚያው ዓመት በጁን ወር ባፋሎ ላይ በተካሄደው ድራፍት ክለቡ በ171ኛ ተራ ፓቬል ዳትሲዩክ የተባለ ቀጭን ሩሲያዊ መረጠ። በቀደሙት ዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። የክለቡ የአውሮፓ መልማይ ስዊድናዊው ሆካን አንደርሾን ዳትሲዩክን ወዳየበት ጨዋታ የሄደው ዲሚትሪ ካሊኒን የሚባል ተከላካይ ለማየት ነው፤ ካሊኒንን ባፋሎ በ18ኛ ተራ ወሰደው። አንደርሾን ግን ዐይኑ በሌላው ቡድን ባለ አንድ ትንሽ ልጅ ላይ ቀረ። በማግስቱ ዓመት ያው መልማይ የመከረበት ሄንሪክ ዜተርበርግ በ210ኛ ተራ ተመረጠ። እርግጥ ነው፣ ዲትሮይቶች ምን እንደያዙ በትክክል ቢያውቁ ኖሮ እስከ 171 ባልጠበቁም ነበር፤ ሌላ ክለብ አንድ ተራ ቢቀድማቸው ታሪኩ ዛሬ አይወራም። ሙያው እንዲህ ነው፤ ዐይን ያያል፣ ዕድል ይፈርማል።

ዳትሲዩክ በኋላ ያሳየው ሥራ ግን ከዕድል ጋር አይያያዝም። ከአጥቂዎች መካከል በመከላከል ብልጫ ያሳየው የሚሸለመውን የሰልኪ ዋንጫ ከ2008 እስከ 2010 በተከታታይ ወሰደ፤ ሁለት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን ከክለቡ ጋር አነሳ፤ በ2024 በሆኪው የዝና መዝገብ ገባ። ዘዴው ለዐይን ትንሽ ናት። ከኋላ መጥቶ የባለ ፓኩን ዱላ በገዛ ዱላው ከሥሩ ለቅጽበት ያነሳዋል፤ ፓኩ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ይዞት ይሄዳል። ሰውዬው ሁለት ሦስት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ነው እጁ ባዶ መሆኑ የሚገባው። ይህን ለማድረግ ኃይል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የባላጋራው ክብደት ዱላው ላይ የማያርፍበትን ሰዓት ማወቅ ነው፤ ማለትም ሰውዬው ሊያቀብል ቀና ያለባትን ቅጽበት። ትራቨርስ ሲቲ ላይ ይህን የሚሠራ ልጅ ሳይ ማን መረጠው፣ በስንተኛ ተራ ብዬ ዝርዝሩን እገልጣለሁ።

ታዲያ ሁሉም ነገር የሚፈተነው በመጨረሻው ቀን ነው። አራተኛው ጨዋታ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። በደኅናው ጊዜ አንድ ፈረቃ አርባ አምስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ተቀያሪ ይገባል። አሁን የደከሙት ወደ ወንበሩ ለመመለስ እንኳ እየዘገዩ ፈረቃው ይረዝማል። ጉልበት መታጠፉን ይተዋል፤ ልጆቹ ቀጥ ብለው ቆመው መንሸራተት ይጀምራሉ። ዱላ ከሁለት እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚጠፋው ግን አንገት ነው። ትናንትና ከትናንት በስቲያ ዘወር ብለው ያዩ የነበሩት ተከላካዮች ዛሬ ፓኩን ብቻ እያዩ ወደ ጥጉ ይሄዳሉ፤ ይገጫሉ፤ ይነጠቃሉ። የአንዱ ቡድን ውጤት በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሰዓት አሁንም በቀኙ አንዴ፣ በግራው አንዴ የሚያይ ልጅ ካለ መልማዮቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ለብቻው ይቀራልና። በአራቱ ጨዋታ ጎል ላይኖረው ይችላል፣ አመቻችቶ ያቀበለውም ላይኖር ይችላል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የዲትሮይት ዋናው ካምፕ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሲከፈት የማልያ ቁጥሩ ያው 60ዎቹ ውስጥ ሆኖ ከአንጋፋዎቹ ጋር ይወጣል። ፓኩ ወደ ጥጉ ሲወረወርበት በዚህኛው ቀን ከኋላው የሚመጣው ተጋባዥ ጎረምሳ ሳይሆን አሥር ዓመት የሊጉን ደመወዝ የበላ አጥቂ ነው፤ እሱ ደግሞ የልጆችን ትከሻ አያምንም።